ከአውድማ እስከ ሱቅ ደጃፍ

ሐምሌ ሲገባ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል፤ ዝናቡና የግብር ሰልፉ። የበጀቱ ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በማግሥቱ ልብስ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ አናጺው፣ ብረት በያጁ፣ ትንሹ ሥራ ተቋራጭ፣ ሁሉም ጃንጥላውን ይዞ በግብር መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ይቆማል። አንዳንዱ በእጁ የያዘው አንዲት ወረቀት ነው። አንዳንዱ ደግሞ የዓመቱን ደረሰኝ በካርቶን ጠቅጥቆ፣ ካርቶኑን በላስቲክ ሸፍኖ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ተራውን ይጠብቃል።

ደመወዝተኛ ይህን ሰልፍ አያውቀውም። የእሱ ግብር ደመወዙ እጁ ሳይገባ በመሥሪያ ቤቱ ተቆርጦ ያልቃል። ግብር ከፋይ መሆኑ ትዝ የሚለውም ፔሮል ላይ ሲፈርም ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ከመንግሥት ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ «ዘንድሮ ምን ያህል አገኘህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት አለበት። መልሱን ቢያውቀውም እንኳ የሚያምነው ላያገኝ ይችላል። ካላመኑት ደግሞ ይገምቱለታል። በአገራችን የገማቹና የተገማቹ ነገር ከግብር መሥሪያ ቤት በጣም የሚያረጅ ነውና አንባቢ ከፈቀደልኝ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

«ግብር» የሚለው ቃል ራሱ ጉደኛ ነው። ከግእዙ «ገብረ» ማለትም ሠራ፣ አደረገ ከሚለው ይወጣና ሥራም ይሆናል፣ ባላገሩ ለገዥው የሚያገባውም ይሆናል፣ ገዥው በአዳራሹ የሚያበላው ድግስም ይሆናል። ባላገሩ ግብር አገባ ይባላል፤ ንጉሡ ግብር አበላ ይባላል። የገባው ማር ጠጅ ሆኖ፣ የገባው ሰንጋ ቁርጥ ሆኖ በአዳራሹ ይቀርባል። በልቶና ጠጥቶ የሚወጣው ግን መኳንንቱና ሠራዊቱ ነበር እንጂ ያገባው ሰው እምብዛም አልነበረም። «ቁርጥ»ም ቢሆን የዋዛ ቃል አይደለም። ዋጋውን አስቀድሞ ቆርጦ ሥራ የሚይዘውን ሰው ሥራ ተቋራጭ እንለዋለን። መዝገብ ለማይዝ ትንሽ ነጋዴ አስቀድሞ ተወስኖ የሚነገረውን ግብር ደግሞ ቁርጥ ግብር እንለዋለን። ልዩነቱ የመጀመሪያውን ሁለት ሰዎች ተስማምተው ይቆርጡታል፣ ሁለተኛውን ግን አንዱ ወገን ብቻውን ነው የሚቆርጠው።

በጥንቱ ሥርዓት ሠራዊቱ የሚኖረው በባላገር ቤት እየተመራ ነበር። ወታደሩ ከነሎሌው ገብቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያዛል። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ አሥራት እንዲከፈል ሲያውጁ አሳባቸው ይህንን ለማስቀረት ነበር። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ወደ መንግሥት ጎተራ ያስገባል፣ ወታደሩም ከጎተራው ይቀለባል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም፤ ከአሥር ቁና አንድ ቁና። ችግሩ አሥሩን ማን ቆጠረው የሚለው ነው። እህሉ ገና በማሳው ወይም በአውድማው ላይ እያለ አንድ ሰው መጥቶ፣ ክምሩን በዓይኑ ለክቶ፣ ይህን ያህል ይወጣዋል ማለት ነበረበት። ያ ሰው ገማቹ ነው። ገማቹ እስኪመጣ ድረስ እህል አይነሣም። ዝናብ ቢያስገመግም፣ ምስጥ ቢበላው፣ ክምሩ ይጠብቃል። ሲመጣም እንግዳ ነውና ይጋበዛል። የጋበዘ ሰው ክምር በገማቹ ዓይን ያንሳል፣ ያልጋበዘ ሰው ክምር ይከምራል። ከአሥራቱ ይልቅ ይህ ግብዣ ባላገሩን ያስመርረው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። (ይኸው እኔም ገመትሁ።)

በዚህ ሁሉ መካከል በእጁ ሥራ የሚያድረው ሰው የት ነበረ? አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ። መንግሥት መቁጠር የሚያውቀው መሬትን፣ ከብትን፣ እህልን ነው። እጅን መቁጠር አያውቅም። ስለዚህ ባለ እጁ ግብሩን በሥራው ውጤት ወይም በጉልበቱ እየሰጠ፣ ከዚያም በላይ በስድብ እየከፈለ ኖረ ብል ማጋነን አይሆንም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ይታወቃል። የአዋጁ ቁም ነገር አገር በሥራ እንጂ በስድብ አትቀናም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘብ ሚኒስትርም አብሮ ተሾመ። በከተማ የነበረው ነጋዴ ግን አለቃው ነጋድራሱ ነበር። ቀረጡን የሚሰበስበው እሱ፣ የገበያውን ነገር የሚዳኘውም እሱ። ከነጋድራሶቹ አንዱ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፋቸው የንጉሡና የመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ ብለው መከሩ። ሰውየው ድሬዳዋ ላይ ቀረጥ ያሰባሰቡት ግን ይህን ምክር ከጻፉ በኋላ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነገሩ በነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በ1934ና በ1937 በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች መሬት ሁሉ በሦስት ተከፈለ፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። የመሬቱ ግብርና አሥራቱ ተደምሮ በሸዋ ለአንድ ጋሻ ለም 50 ብር፣ ለም ጠፍ 40፣ ጠፍ 15 ብር ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢ ሦስቱን ደረጃ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ለምና ጠፉን የሚለየውም ያው ዓይን ነው። አንድ ጋሻ አርባ ሄክታር ያህል ነው። ከአርባ ሄክታር ውስጥ ለሙም ጠፉም ተሠባጥሮ ይገኛል። ከላይኛው እርከን ወደ ታችኛው ለመውረድ ሰው ምን ምን ያደርግ እንደ ነበር ዕድሜ ያላቸው አባቶች ይተርካሉ።

ለከተማው ሰው የመጣው ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 60 ነው። ደመወዝተኛውን፣ ቤት አከራዩንና ነጋዴውን በገቢው ልክ ግብር ክፈል ያለው የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው። ከዚያ ተሻሽሎ ተሻሽሎ በ1953 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 173 ወጣና ገቢ በሠንጠረዥ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተከፋፈለ። ለራሱ የሚሠራው ሰው በሦስተኛው በሐ ውስጥ ገባ። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ መዝገብ ይያዝ ይላል። ያው ሕግ ግን ከቤተሰቡና ከጥቂት ሠራተኞች ጋር በእጁ የሚሠራውን ትንሽ ባለ ሙያ ነጋዴ አይደለም ብሎ ነፃ ይለቀዋል። እንግዲህ የንግድ ሕጉ «አንተ ነጋዴ ስላልሆንህ መዝገብ አያስፈልግህም» ይለዋል፣ የግብር ሕጉ ደግሞ «መዝገብ ከሌለህ ገቢህን በግምት እወስናለሁ» ይለዋል። ሁለቱም ሕጎች ለየብቻቸው ሲነበቡ ልክ ናቸው። ልብስ ሰፊው የተገኘው በሁለቱ መካከል ነው።

ገጠሩም ቢሆን ከገማች አልተላቀቀም። በ1960 ዓ.ም. አሥራቱ ተነሥቶ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ገቢን ለማወቅ ገማች ወደ ማሳው መውጣት ነበረበት። ጎጃም ላይ ሕዝቡ ይህን የሰማው ርስቴን ሊለኩና ሊወስዱ ነው ብሎ ነበርና ተነሣ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን በረረ። መጨረሻ ላይ አገረ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። የገንዘቡ መጠን ትልቅ ስላልነበረ ብዙ ሰው ነገሩ ይገርመዋል። እኔ አይገርመኝም። ሰው ስለ ብሩ ብቻ አይቆጣም፤ በራሱ ማሳ ላይ የሚቆመው ማነው፣ ምን ሊያይ መጣ የሚለውም ያስቆጣዋል።

በደርግ ዘመን ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ የምንለው አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ጋሼ ማንበብ እንጂ መጻፍ ስላልሆነለት፣ ማታ ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአንድ ጥቁር ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ላይ ቀኑን እጽፍለት ነበር። የማን ሱሪ እንደ ታጠፈ፣ ማን ቀብድ እንደ ሰጠ፣ ማን በዱቤ እንደ ወሰደ፣ ክርና ገበር ስንት እንደ ተገዛ። ዋጋዬ በሳምንት አንድ ሻይና አንድ ቦምቦሊኖ ነው። ዛሬ ሳስበው ያ ደብተር የሒሳብ መዝገብ ነበር። ለመንግሥት ተብሎ ስላልተጻፈም አንድ ሐሰት አልነበረበትም።

በሚያዝያ ወር፣ የፋሲካ ሳምንት፣ ሦስት ሰዎች መጡ። በዓል ነውና ሱቁ ጢም ብሏል። ልጅ የያዙ እናቶች ቆመዋል፣ ጣቃው ተከምሯል፣ የልብስ ስፌቱ መኪና አያርፍም። ሰዎቹ ደጃፉ ላይ ቆመው ጥቂት አዩና ጻፉ። ጋሼ በዓይኑ ጠቀሰኝና ደብተሩን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያው ሥር ከተትሁት። ሲሄዱ ነው የሰማነው፤ የቀን ገቢው 30 ብር ተብሎ ተገመተ። እውነት ለመናገር በዚያ ሳምንት በቀን ከ30 ብር የሚበልጥ የገባበት ቀን ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ግን በቀን አምስትና ስድስት ብር ከገባ እሰየው ነው። ይህንን እኔ አውቃለሁ፣ የጻፍሁት እኔ ነኝና።

«ጋሼ፣ ደብተሩን ለምን አላሳየሃቸውም?» አልሁት። መርፌውን ከአፉ አወጣና፣ «አንተ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ ያለው የእኔ ገንዘብ ብቻ ነው እንዴ? የማን ባል የልጁን ዩኒፎርም በዱቤ እንዳሰፋ፣ ማን ስድስት ወር እንዳልከፈለ፣ የሰፈሩ ገመና አይደለም ወይ ያለው? ደግሞስ ቢያዩት ያምኑታል?» አለኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ዛሬም ድረስ ይመላለስብኛል። ያን ጊዜ የግብሩ ከፍተኛ እርከን ከ80 በመቶ በላይ ይደርስ ስለ ነበር ገቢውን ሁሉ ገልጦ የሚናገር ሰው እንደ ሞኝ ይታያል። ገማቹም ይህን ስለሚያውቅ የሚነገረውን ሁሉ እጥፍ አድርጎ ይሰማል። ከፋዩ ገማቹ እንደሚያጥፍ ስለሚያውቅ በግማሽ ይናገራል። እንዲህ እየተባለ ሁለቱም ወገን ተግባብቶ ይኖር ነበር፤ የሚጎዳው ምናልባት በአጋጣሚ እውነቱን የተናገረው ሰው ነው።

ጋሼ የተገመተበትን በሦስት ጊዜ ከፈለ። ከፍሎ እንደ ጨረሰ ማታ ደብተሩን አስወጣኝና በዱቤው ክፍል አንድ አዲስ ገጽ አስገለጠኝ። ራስጌው ላይ «መንግሥት» ብለህ ጻፍ አለኝ። ከሥሩም ያለ አግባብ ከፈልሁት የሚለውን 140 ብር አስጻፈኝ። ሌሎቹ ባለ ዕዳዎች ሲከፍሉ ስማቸው ላይ መስመር እንስብ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መጣኔው ደረጃ በደረጃ ወረደና በ1994ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ከፍተኛው 35 በመቶ ላይ ቆመ። የሠንጠረዡን ፊደል ትተን ግብር ከፋዩን ብናይ ደግሞ ሦስት ደረጃ ተሰጠው። በዓመት 500 ሺህ ብርና ከዚያ በላይ የሚያንቀሳቅስ ሀ፣ ከ100 ሺህ እስከ 500 ሺህ ለ፣ ከዚያ በታች ሐ። ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ! ሀና ለ መዝገብ ይይዙ ነበር፣ ሐ በቁርጥ ይከፍል ነበር። ሐ የሚከፍለው በሐምሌ ነበር፤ ለ ሁለት ወር፣ ሀ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ጊዜ ይሰጠው ነበር። በሐምሌ ዝናብ የሚሰለፈው ትንሹ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 979 መስመሮቹን ወደ ላይ ገፋቸው፤ ሐ እስከ 500 ሺህ፣ ለ እስከ አንድ ሚሊዮን፣ ከዚያ በላይ ሀ። በማግሥቱ ዓመት በመላ አገሪቱ የትንንሽ ነጋዴዎች የቀን ገቢ እንደ ገና ይገመት ተባለና ገማቾች በየሱቁ ወጡ። ስሌቱን በአጭሩ እናሳይ። አንድ አናጺ በቀን 500 ብር ይሠራል ተባለ እንበል። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 150 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ላይ ትርፉ ከመቶ 20 ነው ቢባል 30 ሺህ ብር ይሆናል። በአዋጁ እርከን የዚህ ግብር 2,790 ብር ነው። አሁን ገማቹ በበዓል ሰሞን መጥቶ በቀን 1,500 ብር ይሠራል ቢልስ? ትርፉ 90 ሺህ፣ ግብሩ 15,720 ብር ይሆናል። ግምቱ በሦስት እጥፍ ሲያድግ ግብሩ ከአምስት እጥፍ በላይ ዘለለ። ገማቹ ትንሽ ጨምሮ በቀን 1,700 ቢል ደግሞ ሰውየው 500 ሺሁን አልፎ ለ ውስጥ ይገባና ትናንት ያልያዘውን መዝገብ አምጣ ይባላል።

ሐምሌ 2009 የሆነው ይታወሳል። ቁጥሩ ሲነገር አምቦን በመሳሰሉ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፣ አዲስ አበባም አጉረመረመች። ቅሬታ ሰሚዎች ተቀመጡ፣ ለብዙ ሰውም ተቀነሰለት። የተቀነሰለት ሰው ግን የተማረው አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር እንደ ገበያ ዋጋ ክርክር የሚያስፈልገው መሆኑን። ያልተከራከረው ጎረቤቱ በመጀመሪያው ቁጥር ከፈለ።

መዝገብ መያዝ መድኃኒቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ቢሆንም መዝገብ የያዘው ትንሽ ሥራ ተቋራጭ ምን እንደሚገጥመው ሳናይ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በ2008ቱ ሕግ አንድ የግንባታ ባለ ሙያ በዓመት 800 ሺህ ብር ሥራ ሠራ እንበል። አሠሪው መሥሪያ ቤት ሲከፍለው 2 በመቶ፣ ማለት 16 ሺህ ብር፣ ቀድሞ ይይዝበትና ለግብር ያስገባል። ለዚህ የሚሰጠው ደረሰኝ ገንዘብ ነው፤ የጠፋበት ሰው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። በላዩ ላይ የተርን ኦቨር ታክስ ነበረ። በ1995 የወጣው ሕግ ለአገልግሎት ሰጪ ሁሉ 10 በመቶ ሲል፣ ሥራ ተቋራጩን ከእህል ወፍጮው፣ ከትራክተሩና ከኮምባይነሩ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ 2 በመቶ ብሎለታል። ከወፍጮ ጋር መቆጠሩ ለክብሩ ባይስማማም ለኪሱ ተስማምቶታል።

ወጪውስ? 740 ሺህ አወጣ፣ እውነተኛ ትርፉ 60 ሺህ ነው። ከወጪው ውስጥ ሲሚንቶውና ብረቱ ደረሰኝ አለው። አሸዋውን ግን ሌሊት ያራገፈለት ሲኖትራክ ደረሰኝ አይቆርጥም። ድንጋዩን የፈለጠው ሰው ደረሰኝ የሚባል ነገር አያውቅም። ከየአደባባዩ ለቅሞ የሚወስዳቸው የቀን ሠራተኞች ዛሬ መጥተው ነገ የሉም። ደረሰኝ ያጣው ወጪ 150 ሺህ ቢሆን በወረቀት ላይ ትርፉ 210 ሺህ ይሆናል። የ60 ሺሁ ግብር 8,370 ብር ነበር፤ የ210 ሺሁ ግን 55,500 ብር ነው። ዓመት ሙሉ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆበት 4,500 ብር ይዞ ይገባል ማለት ነው። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚሸጡ ሰዎች ገበያቸውን ያገኙት እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ሻጩንም ገዥውንም በእስራት ይቀጣል፤ መቅጣቱም ተገቢ ነው። ሐሰተኛውን ገዝቶ ከተያዘው ጋር፣ ሳይገዛ የከፈለው ሰው ግን በዝርዝሩ ላይ አንድም ቦታ አይታይም።

በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ሦስቱ ደረጃዎች ወደ ሁለት ተጠቃለሉና መስመሩ 2 ሚሊዮን ብር ላይ ተሠመረ። ሐ ከመዝገቡ ወጣ፤ ልብስ ሰፊውና አናጺው ለ ተባሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሐምሌ ላይ ለሌላ ጉዳይ እንዲሁ ባለ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ነበር። ከፊቴ የነበረው ሰው ጫማው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ፤ ካርቶኑን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አወጣ። ልጅ እግሯ ሠራተኛ በትሕትና እየደመረች ቆየችና ቀና አለች።

«የአሸዋውስ ደረሰኝ፣ አባቴ?»

«የአሸዋው?» አለ ሰውየው። «አሸዋው ግድግዳው ውስጥ ነው ልጄ። ነይና እዪው።»